ብሪጅና የጓደኛ ስሕተት

ጎባ ላይ ሲመሽ ብርዱ ከተራራው ይወርዳል፤ ሰውም በጊዜ ወደ ቤቱ ይከተታል። እኛ አራት መምህራን ግን ቅዳሜ ማታ ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ እንጫወታለን። ጨዋታው ሁለት ለሁለት ነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ጓደኛሞች ናቸው። ካርታ መጣል ሳይጀመር እያንዳንዱ በተራው ምን ያህል እንደሚያሸንፍ «ይጠራል»። የዛሬውን አቆጣጠር ያበጀው አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ሲሆን ጊዜውም በ1925 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነበር።

ጓደኛሞች አንድ ጥሪ ሌላ ትርጉም እንዲኖረው ሊዋዋሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ውሉ ምስጢር አይደለም። ባላጋራ ሲጠይቅ የሚያስረዳው የጠራው ሰው ሳይሆን ጓደኛው ነው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ምሽት ጓደኛዬ «1 ኖትራምፕ» (የትኛውም የካርታ ዓይነት በሌላው ላይ ሳይሠለጥን ማለት ነው) ብሎ ጀመረ። እኔ 5 ልብ ይዤ ስለ ነበር በውላችን መሠረት «2 ዳይመንድ» አልኩ፤ ትርጉሙ «ልብ አለኝና አንተ 2 ልብ በል» ነው። ባላጋራችን ቢጠይቀው ጓደኛዬ ውሉን ረስቶ ኖሮ «ዳይመንድ አለው» ሲል መለሰ። እኔም ሳላስበው «ኧረ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

ጨዋታውን ያስተማሩን ሽማግሌ «ልጄ፣ ለባላጋራ የነገርክ መሰለህ፤ የነገርከው ለጓደኛህ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፊቴን እንኳ ሳልለውጥ፣ ውሉ በትክክል እንደ ተነገረ ቆጥሬ መቀጠል ነበረብኝ። ጥሪው አልቆ ተጫዋቾቹ እኛ ከሆንን፣ የመጀመሪያው ካርታ ሳይጣል ዳኛ ጠርቼ ስሕተቱን አስታውቃለሁ፤ በመጨረሻ «አልፌአለሁ» ያለው ባላጋራም በስሕተቱ ተመርቶ እንደ ሆነ ቃሉን እንዲለውጥ ዳኛው ሊፈቅድለት ይችላል። ተከላካዮቹ እኛ ከሆንን ግን ጨዋታው እስኪያልቅ አፌን እይዛለሁ፤ ቀድሜ ብናገር ለጓደኛዬ ፍንጭ ይሆናልና። ባላጋራ በዚህ ከተጎዳ ዳኛው ውጤቱን ያስተካክላል።

ውሉን የረሳሁት እኔ ብሆንስ? ዳይመንድ ይዤ «2 ዳይመንድ» ብል፣ ጓደኛዬም «ልብ አለው» ቢል፣ ማብራሪያው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ጥሪዬ ነው። የባላጋራ መብት ውሉን ማወቅ እንጂ ካርታዬን ማወቅ ስላልሆነ የማርመው የለኝም። ይሁን እንጂ በጓደኛዬ ቃል ነቅቼ መንገዴን መለወጥም አልችልም። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው «እያወቁ ገደል መግባት ነዋ!» አሉኝ። አዎን፣ ነው።

በ1975 በቤርሙዳ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ጓደኛሞች እንዳይተያዩ በጠረጴዛው ላይ ግርዶሽ ቆመ። በኮምፒዩተር ሲጫወቱም ሰው የራሱን ጥሪ ራሱ ለባላጋራው ብቻ ያስረዳል። በጎባው ጠረጴዛ ግን ግርዶሽ የለም።

በዚያች ምሽት ሽማግሌው ጓደኛዬን «ጩኸቱን እንዳልሰማህ ሁን» አሉት፤ እርሱም አለፈ። በ2 ዳይመንድ ቀረሁ፤ 8 ጊዜ ማሸነፍ ሲገባኝ 5 ጊዜ ብቻ አሸነፍኩ። ጓደኛዬ እየተኮሳተረ ወጣ። ማስረጃ ከሌለ ዳኛ የተሳሳተው ማብራሪያው ነው ብሎ ስለሚፈርድ፣ በማግሥቱ ውላችንን በደብተር ወረቀት ጻፍነው። በመጀመሪያው መስመር ያለው «2 ዳይመንድ» ነው፤ የጻፈውም እርሱ ነው።