ከኮንክሪት የተፈታው ወንዝ

በሲንጋፖር ቢሻንና አንግ ሞ ኪዮ በሚባሉት ሠፈሮች መካከል 62 ሄክታር የሚሰፋ የሕዝብ መናፈሻ አለ። የካላንግ ወንዝ በዳሩ ያልፍ ነበር፤ ነገር ግን የዝናሙን ጎርፍ ፈጥኖ ያስወግድ ዘንድ ቀጥ ባለና በኮንክሪት በተለበጠ ቦይ ውስጥ ታስሮ ይወርድ ስለ ነበር፣ ለመናፈስ የሚመጣው ሕዝብ ውኃውን በሩቁ ከማየት በቀር ሊጠጋው አይችልም ነበር።

የቀደሙት መሐንዲሶች ይህን ያደረጉት በድንቁርና አልነበረም። በዓመት 2,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም በሚወርድባት ጠባብ ደሴት ላይ ጎርፍ ቤትና ንብረት ሲያጠፋ ያየ ሰው ውኃን እንደ ጠላት ቆጥሮ ቢያባርር አይፈረድበትም። ሆኖም የተባረረው ውኃ ኀይሉን ሳያበርድ ወደ ታችኛው አገር ይወርዳል፤ ዝናሙ ሲያባራም በሰፊው የኮንክሪት ወለል ላይ ዓሣ የማይኖርበት፣ ሣር የማይበቅልበት ቀጭን ፈሳሽ ብቻ ይቀራል።

የአገሪቱ የውኃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ቦዮችንና የውኃ ማከማቻዎችን ለሕዝብ ኑሮ የማቅረብ ዕቅድ አወጣ። የካላንግ ቦይም ሆነ መናፈሻው እድሳት የሚሹበት ጊዜ ደርሶ ነበርና፣ ሁለቱን ለየብቻ ከማደስ ይልቅ አንድ ማድረግ ተመረጠ፤ ንድፉም ለጀርመናዊው የመልክዐ ምድር ጠቢብ ለኸርበርት ድራይዛይትል ቢሮ ተሰጠ። ለእኔ የቢሮውን ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግናቸው ትዕግሥታቸው ነው፤ ይኸውም በሞቃቱ አገር ዐፈርን የትኛው የዕፀዋት ሥር አጥብቆ እንደሚይዝ በመጻሕፍት ብቻ ሳይረኩ፣ በመናፈሻው ውስጥ 60 ሜትር በሚሆን ትንሽ ቦይ ላይ ልዩ ልዩ ዘዴዎችን አስቀድመው መፈተናቸው ነው። ድንጋይ በችግኝ መካከል ተደረደረ፤ የቅርንጫፍ እስር በዳርቻው ተቀበረ፤ ዐፈርም በጨርቅ ተጠቅልሎ ተክል ተተከለበት። ኮንክሪት ካረጀ ይሰነጠቃል፤ ሥር ግን በዕድሜው መጠን እየጠለቀ ዳርቻውን ያጸናል።

ከዚህ በኋላ 2.7 ኪሎ ሜትር የሆነው ቦይ ፈርሶ፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዝ ሆነ፤ ከፍርስራሹም ከፊሉ በመናፈሻው ውስጥ ኮረብታ ተሠራበት። ቀድሞ ከ17 እስከ 24 ሜትር ብቻ የነበረው የውኃው ስፋት፣ ብርቱ ዝናም በጣለ ጊዜ እስከ 100 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሰው በደኅናው ቀን የሚቀመጥበት መስክ በጎርፍ ቀን የወንዙ ርስት ነውና፣ ውኃው መነሣት ሲጀምር መለኪያዎች ዐውቀው ደወልና መብራት ሕዝቡን ወደ ከፍታው እንዲወጣ ያስጠነቅቁታል።

መናፈሻው እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ ማንም ያላመጣቸው አዕዋፍና የውኃ ተርቦች በዳርቻው ሠፈሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዓሣ አዳኙ አቆስጣ ከነግልገሎቹ መጥቶ የከተማው ሕዝብ ወዳጅ ሆነ፤ በየግቢያቸው ኩሬ ውድ የጌጥ ዓሣ የሚያረቡት ባለጠጎች ግን፣ ሌሊት ሌሊት እየገባ ዓሣቸውን ስለ ፈጀባቸው፣ ይህን ወዳጅነት አልተጋሩም።