ፕሮግራም ለመክፈት ፈጣኑ መንገድ የትኛው ነው?

በጋራ የኮምፒዩተር ላቦራቶሪ ውስጥ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ጊዜ የተቆጠረ ነው። ተራው ሲደርስ ተቀምጦ የሚፈልገውን ፕሮግራም ከረጅም ዝርዝር ውስጥ ያፈላልጋል፣ ጠቅ ያደርጋል፣ ከዚያም ስክሪኑን እያየ ይጠብቃል። ዎርድን ዘግቶ ኤክሴልን፣ ኤክሴልን ዘግቶ እንደገና ዎርድን ሲከፍት በየመሀሉ የሚሸራረፉት ሰከንዶች ተደማምረው የመመረቂያ ጽሑፉን አንድ ሠንጠረዥ የሚጨርስባቸው ደቂቃዎች ይሆናሉ። ለመሆኑ አንድን ፕሮግራም ለመክፈት ከሁሉ የሚፈጥነው መንገድ የትኛው ነው? ጥያቄው ተራ ቢመስልም የሥነ ልቦና ሊቃውንትንና የኮምፒዩተር ሳይንቲስቶችን በአንድነት ሲያመራምር የኖረ ጉዳይ ነው።

መልሱን ለማግኘት የምናጠፋውን ጊዜ ለሁለት ከፍሎ ማየት ይገባል። አንደኛው ሰውየው ትእዛዙን እስኪሰጥ የሚፈጅበት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማሽኑ ትእዛዙን እስኪፈጽም የሚወስደው ነው። አብዛኞቻችን የምናማርረው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ግን በእጃችን ያለና ያለ ምንም ወጪ የሚሻሻል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ስቱዋርት ካርድ፣ ቶማስ ሞራንና አለን ኒዌል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሰው በኮምፒዩተር ላይ የሚያከናውነውን ተግባር ወደ ጥቃቅን ድርጊቶች በመሸንሸን የሚፈጀውን ጊዜ አስቀድሞ መገመት የሚያስችል ስሌት አሳተሙ። በእነርሱ ልኬት መሠረት በመጠነኛ ፍጥነት የሚጽፍ ሰው አንድ ቁልፍ ለመምታት 0.28 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የማውዙን ቀስት ወደ አንድ ዒላማ ማድረስ በአማካይ 1.1 ሰከንድ፣ እጅን ከኪቦርድ ወደ ማውዝ ወይም ከማውዝ ወደ ኪቦርድ ማዛወር 0.4 ሰከንድ ይወስዳል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ለማሰብ የሚጠፋው ጊዜ ሲሆን፣ እርሱም 1.35 ሰከንድ ተብሎ ተገምቷል።

እነዚህን ቁጥሮች በራሳችን ጥያቄ ላይ እንሞክራቸው። እጁን ኪቦርድ ላይ ያደረገ ሰው ወደ ማውዙ ዞሮ የስታርት ሜኑን ከፍቶ፣ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር፣ ከዚያም ፎልደሩን፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙን ጠቅ ቢያደርግ አራት ጊዜ ያልማል፣ አራት ጊዜም ይጫናል። ለእያንዳንዱ ጠቅታ 0.2 ሰከንድ ይዘን፣ አንድ ጊዜ ማሰቡንና እጁ ደርሶ መመለሱን ስንደምርበት 7.35 ሰከንድ ይሆናል። በዴስክቶፕ ላይ ያለውን ምልክት ሁለቴ ጠቅ አድርጎ ለሚከፍት 3.65 ሰከንድ ይበቃዋል። የዊንዶውስ ቁልፍን ተጭኖ ከፕሮግራሙ ስም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት ጽፎ ኤንተር የሚመታ ሰው 2.75 ሰከንድ ይፈጅበታል። የዊንዶውስ ቁልፍን እንደያዘ 1 ቁጥርን ቢጫን ደግሞ በስክሪኑ ግርጌ ባለው የተግባር አሞሌ ላይ በመጀመሪያ የተሰካው ፕሮግራም ይከፈታል፤ ይህም 1.91 ሰከንድ ብቻ ነው። 2 ቁጥር ሁለተኛውን፣ 3 ቁጥር ሦስተኛውን ይከፍታል፤ ፕሮግራሙ ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ እንደገና ሳይከፍት ወደ እርሱ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ ይህ መንገድ በማንኛውም ማሽን ላይ ይገኛል፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ስሌት ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። በአፕል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብሩስ ቶግናዚኒ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደጻፈው፣ ተጠቃሚዎች ኪቦርድ ይፈጥናል ብለው ቢያምኑም የሰዓት ቆጣሪው ምስክርነት ለማውዝ ያደላ ነበር። ምክንያቱም አቋራጭ ቁልፉን ለማስታወስ የሚጠፋው ጊዜ ለተጠቃሚው አይታወቀውም። በእኔ አስተያየት ሁለቱ አይጋጩም። የእርሱ ትዝብት የሚያመለክተው ገና ያልተለመደ አቋራጭን ነው። ጣት ያለ ሐሳብ የሚያገኘው አቋራጭ ግን የማሰቢያዋን 1.35 ሰከንድ ጭምር ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ሃምሳ አቋራጭ በወረቀት ላይ ጽፎ ከመሸምደድ በየቀኑ ለምንከፍታቸው ሦስት ወይም አራት ፕሮግራሞች ብቻ መልመዱ ይሻላል።

ማውዝን ለሚመርጡም ሳይንሱ የሚለው አለው። ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ወደ አንድ ዒላማ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ርቀቱ ሲጨምር ይጨምራል፣ ዒላማው ሲሰፋ ይቀንሳል። የስክሪን ጥግ በዚህ ረገድ ልዩ ጸጋ አለው፤ ቀስቱ ከጥጉ ሊያልፍ ስለማይችል እጃችንን ሳንሰስት ብንወረውረውም እዚያው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 የስታርት ምልክትን ከግራ ጥግ አንስቶ ወደ መሀል አሞሌው ሲያመጣ ይህን ጸጋ አሳጣን። ደግነቱ ከሴቲንግስ ውስጥ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ይቻላል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ የውጭ መጻሕፍት የማያነሱት መሰናክል አለ። መጻፊያው በአማርኛ ላይ እንዳለ የፕሮግራሙን ስም በመፈለጊያው ሣጥን ብንጽፍ የሚወጣው የግዕዝ ፊደል ስለሚሆን በላቲን ፊደል የተመዘገበው ስም አይገኝም። ተጠቃሚው ስህተቱን አይቶ ያጠፋል፣ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይራል፣ እንደገና ይጽፋል። አስቀድሞ አስታውሶ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን በመጫን ቋንቋውን ቢቀይር እንኳ አንድ ማሰብና ሁለት ቁልፍ ይጨመርበታል። ያኔ 2.75 የነበረው 4.66 ሰከንድ ይሆናል፤ የዴስክቶፑ ምልክት ይቀድመዋል ማለት ነው። ለፈረንጁ ፈጣን የሆነው የፍለጋ መንገድ ለአማርኛ ጸሐፊ ቀርፋፋ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። ቁጥሩ ግን በሁለቱም ቋንቋ ያው ቁጥር ስለሆነ የዊንዶውስ ቁልፍና 1 ያለ እንከን ይሠራሉ። ከአሞሌው ውጪ ላለ ፕሮግራም ደግሞ በዴስክቶፕ ላይ ያለውን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጎ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሾርትከት ኪይ በሚለው ቦታ አንድ ፊደል መምታት ነው። ከዚያ በኋላ ኮንትሮል፣ ኦልትና ያ ፊደል አንድ ላይ ሲጫኑ ፕሮግራሙ ይከፈታል።

አሁን ወደ ማሽኑ እንለፍ። አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ኮምፒዩተሩ አንድ ፋይል ብቻ አያነብም። አጋዥ ፋይሎችን፣ የፊደል ቅርጾችን፣ የተጠቃሚውን ምርጫዎች ከዲስኩ የተለያዩ ሥፍራዎች እየለቀመ ወደ ራም ያመጣል። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.33 ሚሊሰከንድ ስለሚወስድበት የሚፈለገው ሥፍራ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዚያን ግማሽ ይጠብቃል። ማንበቢያው ክንድ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሻገር የሚፈጀው 9 ሚሊሰከንድ ያህል ሲታከልበት ለአንድ ንባብ 13 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። ፕሮግራሙ በ1000 የተበታተኑ ሥፍራዎች ያሉ ቁርጥራጮችን ቢፈልግ ክንዱ ወዲያና ወዲህ ሲል ብቻ 13 ሰከንድ ያልፋል። የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ግን አንዱን ቁራጭ በ0.1 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚያገኘው ያው ሥራ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥበትም። ያረጀ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ገንዘቡን በአንድ ነገር ላይ ብቻ ማዋል ከቻለ፣ ከፕሮሰሰር ይልቅ በዚህ ላይ ቢያውለው ልዩነቱን በዓይኑ ያያል።

ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ለዚሁ ችግር ዘዴ ይዞ መጥቶ ነበር። ፕሮግራሙ በተከፈተባቸው የመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች የትኞቹ ቁርጥራጮች እንደተነበቡ መዝግቦ ፕሪፌች በተባለ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ መዝገብ መሠረት ተራ አስይዞ ያነባቸዋል። «ኮምፒዩተርህ እንዲፈጥን ፕሪፌችን አጥፋ» የሚለው ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ምክር እንግዲህ የሚያጠፋው ይህንኑ መዝገብ ነው። ውጤቱም ተገላቢጦሽ ነው፤ ከማጥፋቱ በኋላ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ይበልጥ ይዘገያል፣ መዝገቡም እንደ አዲስ ይሠራል።

አንድን ፕሮግራም ዘግተን ወዲያው ብንከፍተው ከመጀመሪያው የሚፈጥነውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ቁርጥራጮቹ ገና ከራም አልወጡም፤ ከራም ማንበብ ደግሞ በናኖሰከንድ የሚለካ ነው። በቂ ራም እስካለ ድረስ በየመሀሉ የምንመለስበትን ፕሮግራም ሳይዘጉ በኦልትና ታብ መመላለስ ያዋጣል። ራሳቸውን ከማሽኑ ጋር የሚያስነሱ ፕሮግራሞች ግን ይህን ራም ቀድመው ይሻሙታል። በዊንዶውስ 8ና ከዚያ ወዲህ በወጡት ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ስታርትአፕ የሚለውን ገጽ መመልከት ይቻላል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከምንጠቀምባቸው ይልቅ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ሲበዙ ማየት የተለመደ ነው። የማያስፈልገውን በቀኝ ጠቅ አድርጎ ዲስኤብል የሚለውን መምረጥ ይበቃል፤ ፕሮግራሙ ከማሽኑ አይጠፋም፣ ሲፈለግም በእጅ ይከፈታል። የጸረ ቫይረሱ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ከተገኘ ግን እርሱን መተው ነው።