ቁጥር የተደበቀበት ሥዕል ከሳሎን ግድግዳ ላይ

በትንንሽ ባለቀለም ነጠብጣቦች የተሞላና መሐሉ ላይ ቁጥር የተደበቀበት ክብ ሥዕል ሳታዩ አትቀሩም። ዛሬ ይህ ሥዕል በፖስተርና በትራስ ልብስ ላይ እየታተመ ለቤት ማስዋቢያ ይሸጣል። ማማሩስ ያምራል፤ ሲፈጠር ግን ለጌጥ አልነበረም። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር ያለባቸውን ሰዎች ለመመርመር ነው።

ሙሉው የምርመራ መጽሐፍ 38 ሥዕሎች አሉት። በመጀመሪያው ላይ ያለውን 12 ቁጥር ችግሩ ያለበትም የሌለበትም ያነበዋል። በሌላው ሥዕል ላይ ግን ቀለም በትክክል የሚለይ ሰው 74 ሲል፣ ችግሩ ያለበት 21 ይላል። ምርመራው በቀን ብርሃን፣ በ75 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚደረግ ሲሆን፣ መልሱም በ3 ሰከንድ ውስጥ ይጠበቃል።

እንግዲህ ሳሎን የተሰቀለው ይህን ሁሉ አያሟላም። ማተሚያ ቤቱ ቀለሙን ትንሽ ቢለውጠው፣ ፀሐይ ቢያደበዝዘው ወይም በማታ አምፖል ቢታይ ውጤቱ ይዛባል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ልጆች ያንኑ ሥዕል በየቀኑ እያዩ፣ ታላላቆቻቸው «ሰባ አራት ነው» ሲሉ እየሰሙ መሸምደዳቸው ነው። ቁጥሩ የማይታየው ልጅም እንደ እኩዮቹ «ሰባ አራት» ይላል። ወላጅም ልጄ ደህና ነው ብሎ ይቀመጣል። ለእንግዳ መጫወቻ ከሆነ ግን ግድ የለም፣ ይሰቀል።

ችግሩ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው። አውሮፓውያን ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ሲኖርበት፣ ከሴቶቹ ከ200 አንዷ ገደማ ናት። ወንድ ልጅ ይህን የሚወርሰው ከእናቱ ነው፤ እርሷ ራሷ ግን ብዙውን ጊዜ ቀለም በደንብ ትለያለች። ስለዚህ የእናት አባት ወይም አጎት ችግሩ ካለበት፣ ልጁን ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ማስመርመር ይበጃል። ባለ ቀለም እርሳስ እያሳሳተ «ሰነፍ» የሚባለው ልጅ ምናልባት ቀለሙ አልታየው ይሆናል።

በወጥ ቤትም ጣጣ አለው። ያልበሰለ ቲማቲምን ከበሰለው፣ ጥሬ ሥጋን ከበሰለው በቀለም ብቻ መለየት ይቸግራል። እንዲህ ያለ ሰው ፍሬውን በእጁ ጫን አድርጎ፣ ሥጋውን ቆርጦ ቢያረጋግጥ ይሻላል።

አብሮ ያልተወለደ፣ በኋላ የሚመጣም አለ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ኢታምቡቶል የተባለ መድኃኒት አልፎ አልፎ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ ቀይና አረንጓዴ መለየትም ያስቸግራል። መድኃኒቱን እየወሰደ ቀለም የተምታታበት ወይም እይታው የደበዘዘ ሰው በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይንገር።