የኮረንቲው በር ጠባቂ

በናይሮቢ እምብርት የሚገኘው ሉቱሊ ጎዳና በኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹ ይታወቃል። ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስፒከርና ሞባይል በየመደርደሪያው ሞልቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹን ብንፈታ ትራንዚስተር እናገኛለን።

ትራንዚስተር ሁለት ሙያ አለው፤ ደካማ ሞገድን ያጎላል፣ ኮረንቲን ይከፍታል ይዘጋል። በአብዛኛው የሚሠራው ከሲሊከን ነው። ሲሊከን ኮረንቲን እንደ መዳብ በነፃ አያሳልፍም፣ እንደ ብርጭቆም አያግድም፤ ከፊል አስተላላፊ የሚባለው ለዚህ ነው። ጥቂት ፎስፈረስ ሲገባበት ትርፍ ኤሌክትሮን ያገኛል፤ ቦሮን ሲገባበት የኤሌክትሮን ጉድለት ይፈጠርበታል። ሁለቱ ዓይነቶች እየተፈራረቁ በሦስት ንብርብር ሲቀመጡ፣ ስሱ መካከለኛ ንብርብር በር ጠባቂ ይሆናል። ወደ እሱ የሚገባው ኢምንት ኮረንቲ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፈውን ብዙ ኮረንቲ ያዛል። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ የቦዩን መዝጊያ ለማንሳት ጥቂት ጉልበት ይበቃል፣ የሚለቀቀው ውኃ ግን ማሳ ያረካል።

የመጀመሪያውን ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 አሜሪካ በሚገኘው ቤል ላብራቶሪ የሠሩት ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራተን ናቸው። ከባልደረባቸው ዊሊያም ሾክሌይ ጋር በ1956 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1959 ደግሞ የግብፅ ተወላጁ መሐመድ አታላና ኮሪያዊው ዳዎን ካንግ እዚያው ቤተ ሙከራ በቮልቴጅ የሚታዘዝ አዲስ ዓይነት ሠሩ። ዛሬ በአንድ ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩት የዚህ ዘር ናቸው።

መክፈትና መዝጋት እንዴት ስሌት ይሆናል? ክፍቱን 1፣ ዝጉን 0 እንበል። ሁለት ትራንዚስተሮች ተከታትለው ሲቀመጡ ኮረንቲ የሚያልፈው ሁለቱም ሲከፈቱ ብቻ ነው። «ይህም ያም ከተሟላ» የሚለው ፍርድ እንዲህ ይወለዳል፤ ከእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ፍርዶችም መደመርና ማነጻጸር ይገነባሉ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ውስጥ የተጀመረውን የስልክ ገንዘብ መላኪያ፣ ኤም-ፔሳን፣ እንውሰድ። አንዲት ነጋዴ ገንዘብ ስትልክ፣ በስልኳ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች እየተከፈቱና እየተዘጉ መልእክቱን በ0 እና በ1 ያዘጋጃሉ። ሌሎቹ ሞገዱን አጉልተው ወደ አንቴናው ይሰዳሉ። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ቁልፍ ንክኪ ይገናኛሉ።

ከናይሮቢ በስተሰሜን፣ በኒየሪ የዴዳን ኪማቲ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሴሚኮንዳክተር ቴክኖሎጂስ ሊሚትድ የተባለ ድርጅት የከፊል አስተላላፊ ሥራ ጀምሯል። የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢያችን ትራንዚስተርን ሲጠቀም ኖሯል፤ አሁን ወጣቶቹ ሥራውን ከሲሊከኑ ጀምረው የሚማሩበት ደጃፍ ተከፍቷል። ይህ ደጃፍ እንዳይዘጋ መትጋት ይገባናል።