ዱባ በቁስቋም በዓል ማዕድ

ጎንደር ላይ ዱባ በደንብ የሚገኝበት ወቅትና የቁስቋም በዓል ይገጣጠማሉ። ክረምቱ ሲገባ ጓሮ ውስጥ፣ ፍግና አመድ ከተደፋበት ቦታ የተዘራው ፍሬ በነሐሴ አጥር ላይ ይወጣል፤ ከመስከረም በኋላ ቅጠሉ ሲጠወልግ ዱባው ተጋልጦ ይታያል። ይህ ጊዜ የጽጌ ጾም ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ለ40 ቀናት የሚቆይ የፈቃድ ጾም ሲሆን፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ይታሰብበታል። ማግስቱ፣ ኅዳር 6፣ በስደቷ ያረፈችበት የቁስቋም ተራራ በዓል ነው። እቴጌ ምንትዋብ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው አገር ሲያስተዳድሩ፣ ከከተማው ወጣ ብለው ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት በዚሁ ተራራ ስም ነው።

በጾሙ ዱባ በወጥ ወይም በቅቅል መልክ ከቤት አይጠፋም። በዓሉ ሲደርስ ግን ዶሮውና ሥጋው ምድጃውን ይይዙታል፤ ዱባም ወደ ጓዳ ይመለሳል። እኔ ይህ አይገባውም ባይ ነኝ። በዚያ ላይ ኅዳር 6 ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል በዓሉ ራሱ የጾም ማዕድ ይፈልጋል፤ በ2017 ዓ.ም. ዓርብ ውሎ ነበር። የሚጎድለው አሠራሩን ለበዓል የሚመጥን ማድረግ ነው፤ እሱም መጥበስ ነው።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ቅል የአፍሪካ ልጅ ሲሆን፣ ዱባ ሜክሲኮን በመሰሉ የአሜሪካ አገሮች ከ8 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲለማ ኖሮ ወደ እኛ የተሻገረው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ የጾም ባለሟል ለመሆን የበቃ አትክልት ነው።

ለጥብስ የሚሆነው ዱባ በመጠኑ ሲነሣ ከበድ የሚል፣ ልጣጩ ጥፍር የማያስገባ፣ ከሐረጉ የተቆረጠበት እጀታ ደርቆ ያለቀቀ ነው። ሁለት ቦታ ሰንጥቁት፤ ፍሬውንና ጭራ ጭራ የሚለውን ሆዱን በማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡ። ልጣጩን ሳታነሡ በሁለት ጣት ውፍረት ቁረጡት፤ ልጣጩ ሥጋው እንዳይፈርስ ይይዘዋል፣ ከበሰለ በኋላም በቀላሉ ይላቀቃል። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠልና ጥቂት ሚጥሚጣ እሹት። ጨው መጨረሻ ላይ፣ እሳት ላይ ሊወጣ ሲል ብቻ ይነስነስበት፤ ቀድሞ ከገባ ውኃውን ያስለቅሰዋል።

ዋናው ነገር አደራደሩ ነው። ከዱባ ከመቶ 90 ያህሉ ውኃ ነው፤ ቁራጮቹ ከተደራረቡ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ያጣና ጥብሱ ቅቅል ሆኖ ይቀራል። እየተራራቁ ሲቀመጡ ግን ውኃው ይተናል፣ ስኳሩ ይጠናል፣ ጠርዙም ቡናማ ሆኖ ይጣፍጣል። ኦቨን ያለው በ200 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ያቆየው። የሌለው የብረት ምጣድ በመጠነኛ እሳት ላይ ጥዶ መጀመሪያ ይክደነው፣ ሥጋው ሲለሰልስ ከፍቶ እያገላበጠ ያቅላው። የእንጀራውን ምጣድ ግን ለዚህ አትንኩት፤ ጨው የነካው ምጣድ እንጀራ ይይዛል።

ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ዱባን ቢጫ የሚያደርገው ካሮቲን በሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ሲሆን፣ በደንብ የሚዋጠው ከቅባት ጋር ሲበላ ነው። በዓሉ የፍስክ ቀን ከሆነ ትኩሱ ላይ ንጥር ቅቤ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ከዶሮ ወጥ ጎን ሲቀርብ ጣፋጭነቱ የበርበሬውን ኃይል ያለዝበዋል።

ፍሬውን አትጣሉት። ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በጨው ከተቆላ ከቡና ጋር ይቀርባል፤ ጥቂቱን ግን ለመጪው ሰኔ አስቀሩ። ከቁስቋም እስከ ነቢያት ጾም መያዣ፣ ኅዳር 15፣ ያለው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ገበያ ስትወጡ አንድ ዱባ ለበዓሉ፣ ሁለት ሦስት ደግሞ ለጾሙ ግዙ፤ እጀታው ያልተነቀለ ዱባ በደረቅ ቦታ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል።