ስለ ሰው ጠባይና ራስን ስለ መጠራጠር

ሰው ሁሉ በመልኩ እንደሚለያይ በጠባዩም ይለያያል። አንዱ ልጅ ከጓደኞቹ ጋራ ሲጫወትና ሲናገር ደስ ይለዋል፤ ሌላው ለብቻው ተቀምጦ ሲያስብ ደስ ይለዋል። አንዱ ሲጠየቅ ወዲያው ይመልሳል፤ ሌላው ግን ነገሩን በልቡ ሳያመላልስ አይናገርም።

የጥንት የግሪክ ሐኪሞች ይህ ልዩነት በሰውነት ውስጥ ካሉት ከአራት ፈሳሾች የመጣ ነው ይሉ ነበር፤ እነርሱም ደም፥ አክታ፥ ብጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ናቸው። ደም የበዛበት ደስተኛ፥ ጥቁር ሐሞት የበዛበት ኀዘንተኛ ይሆናል ብለው ያስተምሩ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ይህ ትምህርት ስሕተት መሆኑ ታወቀ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. ካርል ዩንግ የሚባል የስዊስ አገር ሐኪም ስለ ሰው ጠባይ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ ሰዎችን በሁለት ታላላቅ ወገን ከፈላቸው። የአንዱ ወገን ሐሳብ ወደ ውጭ፥ ወደ ሰውና ወደ ነገር ያዘነብላል፤ የሁለተኛው ወገን ሐሳብ ወደ ውስጥ፥ ወደ ገዛ ልቡ ያዘነብላል። ነገር ግን ፈጽሞ የአንዱ ወገን ብቻ የሆነ ሰው የለም። አንዱም ከሌላው አይበልጥም፤ እንግዳ ለመቀበል ተናጋሪው ይጠቅማል፤ ጥልቅ ነገር ለመመርመር ዝምተኛው ይጠቅማል።

ዝምተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ራሱን ከተናጋሪው ጋራ እያስተያየ «እኔ ሰነፍ ነኝ፤ አይሆንልኝም» ይላል። ተናጋሪውም በበኩሉ «ሰው ይጠላኝ ይሆን?» እያለ በስውር ይጨነቃል። ራስን መጠራጠር ጠባይ አይመርጥም። ይህ ግን ሐሳብ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ሰውን የሚጎዳው ሐሳቡን አምኖ ሥራውን ሲተው ነው፤ ሥራውን በሸሸ ቍጥር ፍርሃቱ ይበረታልና።

ዩንግም ይህን በልጅነቱ አይቶታል። በትምህርት ቤት ሒሳብ እጅግ ያስፈራው ነበር። በ12 ዓመቱ በባዝል ከተማ አንድ ልጅ ገፍቶ ጣለውና ራሱ ከድንጋይ ጋራ ተጋጨ። ከዚያ ወዲያ «ወደ ትምህርት ቤት ሂድ» ወይም «አጥና» ሲባል ራሱን ይስት ጀመር፤ ሐኪሞችም ምክንያቱን አላወቁትም። እንዲሁ ከ6 ወር በላይ ትምህርቱን ትቶ ቈየ። አንድ ቀን አባቱ የልጁ ነገር እጅግ እንዳሳሰበው ለወዳጁ ሲናገር ሰማ። ወዲያው ገብቶ የላቲን ሰዋስው መጽሐፉን ገለጠ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሕመሙ ያዘው፤ በተሻለው ጊዜ ግን እንደ ገና ያነብ ጀመር። ሁለተኛም ሦስተኛም ያዘው፤ እርሱ ግን ማንበቡን አልተወም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ ሕመሙም ተወው። ጠባዩ አልተለወጠም፤ ብቻውን መሆንን እንደ ወደደ ኖረ፤ ፍርሃቱን ግን አሸነፈ።

እንግዲህ ራሱን የሚጠራጠር ልጅ ጠባዩን ለመለወጥ አይድከም። የሚያስፈራውን ሥራ ከፋፍሎ ጥቂት በጥቂት ይሥራ፤ «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና። የዛሬ ሥራውንም ከጎረቤቱ ሥራ ጋራ ሳይሆን ከራሱ ከትናንቱ ጋራ ያስተያይ። ጭንቀቱ ከበረታበት ለወላጁ ወይም ለመምህሩ ይንገር፤ ለብቻ የተሸከሙት ሸክም ይከብዳል፤ ለሁለት የተሸከሙት ግን ይቀላል።