ጭስ ማውጫው ከተቃጠለ በኋላ



በማዕድ ቤታችሁ ጭስ ማውጫ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ጠፋ እንበል። ታዲያ ምን ይደረግ? «ተመስገን ጠፋ» ብሎ ያንኑ ማታ ምድጃ ማንደድ አይገባም።

መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። በጋለ ምድጃ ላይ ውሃ አይደፋ፤ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ጣሪያውን እንይ። ፍም ሣሩና ማገሩ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከሰዓታት በኋላ ቤቱን ያነደዋል። ስለዚህ የጠቆረውን ሣር አውጥቶ ውሃ ማርከፍከፍ፣ ሌሊቱንም በተራ መጠበቅ ነው።

ሲነጋ ጭስ ማውጫውን ከታች እስከ ላይ እንመርምር። የጭቃው ስንጥቅ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረግ። የተበሳ ቆርቆሮ ይለወጥ። ይኸን ነገር አትናቁት! በስንጥቁ ከሚገባው ጭስ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለ። የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቱቦው ደግሞ ከእንጨትና ከሣር አንድ ክንድ፣ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ይራቅ።

ለመሆኑ እሳቱ ከየት መጣ? ከጥቀርሻው ነው። ቱቦው ውስጥ የተጋገረ ጥቀርሻ ራሱ ይነዳል። እርጥብ እንጨት ደግሞ ጥቀርሻ ያበዛል። እንግዲህ ደረቅ እንጨት እናንድድ፤ ቱቦውንም በየጊዜው እንጥረግ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!